ለልጅዎ የኮምፒዩተር ትምህርት ቼክ ከመጻፍዎ በፊት



ባለፈው የታክስ ወቅት አንድ የቆየ ደንበኛዬ፣ ታክሲ ነጂ ነው፣ የዓመቱን ደረሰኝ እንደ ልማዱ በጫማ ካርቶን ይዞልኝ መጣ። የጎማውን፣ የኢንሹራንሱን፣ የጥገናውን ለይቼ ስጨርስ ከካርቶኑ ሥር አንድ ሌላ ወረቀት አገኘሁ። የ2,400 ዶላር ደረሰኝ ነው። የ15 ዓመት ልጁን ትምህርት በተዘጋበት ወራት ለሦስት ሳምንት የኮምፒዩተር ካምፕ ያስገባበት ነበር። «ይኼንንም ከሥራ ወጪው ጋር ደምርልኝ፤ ለልጁ የወደፊት ሥራ አይደል እንዴ?» አለኝ።

እንደማይደመር ነገርኩት። ይህንን ጥያቄ በየዓመቱ የሚያነሱልኝ ብዙዎች ስለሆናችሁ እዚህ ላይ ላስረዳ። የልጅ ትምህርት የሱቅ ወይም የታክሲ ወጪ አይደለም። ልጁ ከ13 ዓመት በታች ቢሆንና አባትም እናትም ሥራ ላይ ስለሆኑ ጠባቂ ፈልገው ቢያስገቡት ኖሮ፣ ካምፑ ኮምፒዩተር የሚያስተምር ቢሆንም እንኳ፣ ለልጅ ጥበቃ በሚሰጠው የታክስ ክሬዲት ውስጥ ሊገባ ይችል ነበር። ያውም ልጁ ማታ ቤቱ የሚመለስበት ካምፕ ከሆነ ነው፤ አዳር ካምፕ አይቆጠርም። የ15 ዓመት ልጅ ግን ዕድሜው አልፏል።

እኔን ያበሳጨኝ ግን የታክሱ ነገር አልነበረም። ልጁ አብሮት መጥቶ ስለነበር ምን እንደተማሩ ጠየቅሁት። ሦስቱን ሳምንት ሙሉ የተማሩት በስክራች ነው አለኝ። ስክራች ኤም አይ ቲ የሚባለው ዩኒቨርሲቲ በ2007 ያወጣው፣ ማንም ሰው ከቤቱ ሆኖ አንድ ሳንቲም ሳይከፍል የሚከፍተው መማሪያ ነው። ደንበኛዬ ያንን ገንዘብ ለማግኘት ስንት ሌሊት ኤርፖርት ተሰልፎ እንዳደረ እኔ የሒሳብ ሠራተኛው አውቃለሁ።

ካምፕ ሁሉ ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም። ጥሩ መምህር ያለበት ካምፕ ለገንዘቡ ይበቃ ይሆናል። ነገር ግን የሁለተኛ ደረጃ የኮምፒዩተር ሳይንስ መምህራን ራሳቸው የሚያስተምሩባቸው ምርጥ መማሪያዎች አብዛኞቹ ነፃ መሆናቸውን ሳናውቅ ቼክ መጻፍ የለብንም።

መጀመሪያ ትምህርት ቤቱን ይጠይቁ

በትምህርት ቤት ሁለት ዓይነት የኮምፒዩተር ክፍል አለ፤ ወላጅ ብዙ ጊዜ አንዱን ከሌላው አይለይም። አንደኛው አጠቃቀም የሚያስተምር ነው፤ መተየብ፣ ደብዳቤ መጻፍ፣ በኤክሴል ሠንጠረዥ መሥራት። ይህ ጠቃሚ ነው፤ እኔም እንጀራ የምበላበት ነው። ሁለተኛው ኮምፒዩተር ሳይንስ የሚባለው ሲሆን አንድን ችግር ከፋፍሎ፣ ቅደም ተከተል ሰጥቶ፣ ማሽኑ ሊፈጽመው በሚችል ትእዛዝ መጻፍን ያስተምራል። ከአገር ቤት በቅርብ የመጡና እንግሊዝኛቸው ገና ያልጠነከረ ልጆች በመጀመሪያው ክፍል ተቀምጠው «ኮምፒዩተር እየተማርኩ ነው» ሲሉ ሰምቻለሁ። ወላጅም ደስ ይለዋል። ስለዚህ ለካውንስለሩ «ልጄ ኮምፒዩተር ይማራል ወይ?» ብለው አይጠይቁ። «ፕሮግራም መጻፍ ይማራል ወይ? በየትኛው ቋንቋ?» ብለው ይጠይቁ።

ሜሪላንድ ውስጥ በ2018 የወጣው ሕግ እያንዳንዱ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከ2021–22 የትምህርት ዘመን ጀምሮ ቢያንስ አንድ የኮምፒዩተር ሳይንስ ትምህርት እንዲሰጥ ያዝዛል። ቨርጂኒያም በ2016 ባወጣችው ሕግ ትምህርቱን በመደበኛው ሥርዓት ውስጥ አስገብታዋለች። «የለንም» ከተባሉ እንግዲህ ጥያቄውን ከፍ አድርገው ማንሳት ይችላሉ። የመኖሪያ ወረቀታችሁ ገና ያላለቀ ወላጆችም አትስጉ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1982 በሰጠው ውሳኔ መሠረት የመንግሥት ትምህርት ቤት በወረቀት ምክንያት ልጅን አልቀበልም ማለት አይችልም።

ከፍ ያለውን መማር ለሚፈልግ ልጅ ኤ ፒ የሚባሉ ሁለት የኮምፒዩተር ትምህርቶች አሉ። «ኮምፒዩተር ሳይንስ ፕሪንሲፕልስ» በ2016 የተጀመረና ከዚህ በፊት ፕሮግራም ጽፎ ለማያውቅ ልጅ የተዘጋጀ ነው። «ኮምፒዩተር ሳይንስ ኤ» ጠንከር ያለ ሲሆን ጃቫ በሚባለው ቋንቋ ይሰጣል። ፈተናው በሜይ ወር ነው፤ ዋጋው ወደ 100 ዶላር ይደርሳል፤ ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ ቤተሰብ ቅናሽ አለ። ጥሩ ውጤት ሲመጣ ብዙ ኮሌጆች ክሬዲት ይሰጡበታል፤ ኮሌጅ ውስጥ አንድ ትምህርት ስንት እንደሚያስከፍል የከፈለ ያውቀዋል። ብዙ ትምህርት ቤቶች የሚቀጥለውን ዓመት ትምህርት የሚያስመርጡት በጃንዋሪና በፌብሩዋሪ ስለሆነ፣ በኦገስት ሄዶ መለመን አይጠቅምም።

እንግሊዝ አገር ልጆች ያሏችሁ ዘመዶች ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው። እዚያ ከሴፕቴምበር 2014 ጀምሮ ኮምፒዩቲንግ የብሔራዊው ሥርዓተ ትምህርት አካል ሆኗል፤ ከ14 ዓመት በላይ ላሉ ልጆች የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲና የራስፕበሪ ፓይ ፋውንዴሽን ያዘጋጁት «አዳ ኮምፒዩተር ሳይንስ» የሚባል ነፃ መማሪያ አላቸው።

ነፃ የሆኑት የትኞቹ ናቸው?

አሁን የመጣ ልጅ ካለዎት ከላይ ያነሳሁት ስክራች ጥሩ መነሻ ነው። ከሚሠራባቸው ቋንቋዎች መካከል አማርኛ አለበት፤ ትእዛዞቹ በአማርኛ ተጽፈው ልጁ እንደ ጡብ እየደረደረ ይሠራል። እንግሊዝኛው እስኪበረታ ድረስ ሐሳቡ አይቆምበትም። አሥረኛ ክፍል ለደረሰ ልጅ ግን ስክራች ላይ ዓመት መቆየት አያስፈልግም።

ከዚያ ቀጥሎ ፓይተን የሚባለው ቋንቋ ይመጣል። ካርኒጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ለሁለተኛ ደረጃ ያዘጋጀው ሲ ኤም ዩ ሲ ኤስ አካዳሚ ፓይተንን ሥዕል እያሣለ ያስተምራል፤ ክፍያ የለውም። ከኢራን በመጡ ወንድማማቾች በ2013 የተቋቋመው ኮድ ዶት ኦርግ፣ እንዲሁም ካን አካዳሚ፣ ለኤ ፒ ትምህርቱ የሚሆን ነፃ ዝግጅት አላቸው።

እኔን እጅግ የሚገርመኝ ግን የሃርቫርዱ ሲ ኤስ 50 ነው። ፕሮፌሰር ዴቪድ ማለን ለሃርቫርድ ተማሪዎች የሚሰጡት ትምህርት ሙሉ በሙሉ፣ ከነቪዲዮው፣ ከነልምምዱ፣ ለዓለም ሁሉ በነፃ ተለቋል። ጎበዝ የአሥራ አንደኛ ክፍል ልጅ በትዕግሥት ሊከተለው ይችላል፤ ከባድ መሆኑን ግን አልደብቅም። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከሚሰጡት የቤት ሥራዎች አንዱ ምን እንደሆነ ቢሰሙ ይስቃሉ። ካሸር ለደንበኛ መልስ ሲሰጥ በተቻለ መጠን ጥቂት ሳንቲሞች እንዲሰጥ የሚያደርግ ፕሮግራም ጻፉ የሚል ነው! ሃርቫርድ የሚያስተምረው እርስዎ በየቀኑ ከካሽ ሬጅስተሩ ጀርባ ሆነው የሚሠሩትን ነው።

እስቲ አብረን እንየው። 41 ሳንቲም መልስ ሲሰጡ እጅዎ ሳያስብ አንድ ኳርተር፣ አንድ ዳይም፣ አንድ ኒኬል፣ አንድ ፔኒ ያነሳል፤ አራት ሳንቲም። ከትልቁ ጀምሮ የሚቻለውን መውሰድ ማለት ነው። መምህራኑ ይህን «ስስታም» ዘዴ ይሉታል። አሁን ደግሞ ኒኬል አልቆብዎታል እንበል፤ 30 ሳንቲም መመለስ አለብዎት። ከትልቁ ከጀመሩ አንድ ኳርተርና አምስት ፔኒ፣ ስድስት ሳንቲም ይሆናል። ሦስት ዳይም ቢሰጡ ግን አለቀ። የእርስዎ ዓይን ይህን ወዲያው ያያል፤ ስስታሙ ፕሮግራም አያይም። ልጅዎ ይህ ለምን እንደሆነ ሊያስረዳዎት ከቻለ ከኮምፒዩተር ሳይንስ አንድ ትልቅ ነገር ጨበጠ ማለት ነው። የፔኒ ማምረቱ በ2025 ስለቆመ፣ ሒሳቡን ወደ አምስት ሳንቲም የሚያጠጋጋውንም እንዲጨምርበት ይጠይቁት።

ሌላም አለ። በፕሮግራም ልምምዶች ውስጥ «የኢትዮጵያ ማባዛት» በሚል ስም የሚታወቅ አንድ ዘዴ አለ፤ የሩሲያ ገበሬ ማባዛት የሚሉትም አሉ። ማባዛት የማያውቅ ሰው በማጋመስና በእጥፍ በማሳደግ ብቻ ይሠራዋል። 24 ጠርሙስ የያዘ 13 ካርቶን ውኃ ገዙ እንበል። 13ን እያጋመሱ ትርፉን ይጥላሉ፦ 13፣ 6፣ 3፣ 1። በጎኑ 24ን እጥፍ ያደርጋሉ፦ 24፣ 48፣ 96፣ 192። በግራ ያለው ቁጥር ለሁለት የማይካፈል በሆነበት ረድፍ ያሉትን ብቻ ይደምራሉ፦ 24፣ 96፣ 192። ድምሩ 312 ነው፤ ልክ ነው። ነገሩ ተአምር አይደለም። 13 ማለት 8 ሲደመር 4 ሲደመር 1 ስለሆነ ነው፤ ኮምፒዩተርም ቁጥርን በውስጡ የሚይዘው እንዲሁ እጥፍ በእጥፍ ነው። ይህንን ለልጅዎ በደረሰኝ ጀርባ ላይ ሠርተው ያሳዩትና ወደ ፓይተን እንዲለውጠው ይንገሩት። አሥር መስመር አይሞላም።

የዕቃው ባርኮድም መማሪያ ነው። ከአሥራ ሁለቱ አኃዞች የመጨረሻው የሌሎቹን ስሕተት የሚጠብቅ ዘበኛ ነው። ከግራ በኩል አንደኛውን፣ ሦስተኛውን፣ አምስተኛውን እያለ እስከ አሥራ አንደኛው ደምሮ በሦስት ማባዛት፣ ከሁለተኛው እስከ አሥረኛው ያሉትን ሙሉ ተራዎች መጨመር፣ ከዚያ የመጨረሻው አኃዝ ሲደመርበት ድምሩ በአሥር መካፈል አለበት። ከመደርደሪያዎ አንድ ዕቃ አንሥተው ይሞክሩት።

ስለ ማሽኑና ስለ መኮረጅ

ስልክ አይበቃም። ልጁ የሚተይብበት ቁልፍ ያለው ኮምፒዩተር ያስፈልገዋል፤ ውድ መሆን ግን የለበትም። የጠቀስኳቸው መማሪያዎች በኢንተርኔት ላይ የሚሠሩ ስለሆኑ ያገለገለ ላፕቶፕ ወይም ትምህርት ቤቱ የሚያውሰው ክሮምቡክ ይበቃል። እሱም ከሌለ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ኮምፒዩተር ነፃ ነው።

ከ2022 መጨረሻ ወዲህ ቻትጂፒቲ ስለመጣ ልጁ የቤት ሥራውን አስጽፎ ሊያስረክብ ይችላል። ፕሮግራም ስለማያውቁ መቆጣጠር የማይችሉ እንዳይመስልዎ። ልጁን አስቀምጠው «ይህ መስመር ምን ይሠራል?» ብለው በአማርኛ እንዲያስረዳዎት ይጠይቁት። የገባው ልጅ ቃል እየጠፋበትም ቢሆን ያስረዳል፤ የገለበጠው ይንተባተባል። በእኔ ቤት ሠርቷል።

ይህን ሁሉ የምጽፈው ስለ ራሴም ስለማስታውስ ነው። እኔ ፕሮግራም ምን እንደሚመስል ያየሁት ለዲግሪዬ ከአገር ወጥቼ፣ ኮሌጅ ገብቼ፣ ከሃያ ዓመት በኋላ ነው። አጠገቤ የተቀመጡት ልጆች በ15 ዓመታቸው የጨረሱትን እኔ ሌሊት ሌሊት እያነበብሁ ነበር የምደርስበት።

አንድ የሒሳብ ነገር ጨምሬ ልጨርስ። ልጁ የተማረውን በሱቅዎ ሥራ ላይ ካዋለው፣ ለምሳሌ የዕቃ ቆጠራውን መዝገብ ቢሠራልዎት፣ ደመወዝ ሊከፍሉት ይችላሉ። ሥራው በግል ስምዎ የተያዘ ከሆነ ከ18 ዓመት በታች ለሆነ የራስዎ ልጅ ከሚከፍሉት ደመወዝ ሶሻል ሴኩሪቲና ሜዲኬር አይቆረጥም፤ ለእርስዎም የሥራ ወጪ ይሆናል። ኮርፖሬሽን ካቋቋሙ ግን ይህ አይሠራም። ሥራው የእውነት፣ ክፍያውም ለሌላ ሰው የሚከፍሉትን ያህል ይሁን፤ ሰዓቱን ጻፉ፣ በቼክ ክፈሉ።

ያ ታክሲ ነጂ ደንበኛዬ ከወራት በኋላ ተመልሶ መጥቶ ነበር። ቤንዚን በደረሰኝም ይወራረድ በማይል፣ የማይል መዝገብ ግዴታ ነው እያልሁ ስጨቀጭቀው የኖርሁ ሰው ነው። ልጁ በፓይተን የማይል መደመሪያ ሠርቶለት ወረቀቱን አትሞ ላከልኝ። አየሁት፤ ድምሩ በዛብኝ። ለካስ ፕሮግራሙ እሑድ እሑድ ለቅዳሴ የተነዳውንም ከሥራ ማይል ጋር ደምሮታል። ስልክ ደውዬ ለልጁ ነገርኩት። «ገባኝ ጋሼ፣ ቀኑን የሚመረምር መስመር ረስቻለሁ» አለኝ። ማታ የታረመውን ላከ።