ቦሎ ያለው የጭነት መኪና ለምን ይቀጣል?

ፓርላማው አራት ኪሎ፣ ማዘጋጃ ቤቱ ፒያሳ። በመካከላቸው የራስ መኮንን ድልድይ አለ። ለአንድ አይሱዙ የደቂቃዎች መንገድ ነው። ሁለቱ ቤቶች ግን ለዚያው አይሱዙ የተለያየ ሕግ ያወጣሉ። የአገሩ ሕግ መኪናው ምን ዓይነት መሆን እንዳለበት ይናገራል። የከተማው ሕግ ደግሞ መኪናው የትና መቼ መሄድ እንዳለበት ይወስናል። ባለንብረቱ ሁለቱን አንድ አድርጎ ሲያያቸው ነው ኪሱ የሚጎዳው።

ከአገሩ ሕግ እንጀምር። በ2002 ዓ.ም. የወጣው የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681 መኪና በየዓመቱ እንዲመረመር ያዛል። ረጅምና አጭር መብራት፣ ፍሬቻና የፍሬን መብራት በዚህ ምርመራ ይታያሉ። ቦሎ የሚለጠፈው ይህ ካለፈ በኋላ ነው። በ2003 ዓ.ም. የወጣው የትራፊክ መቆጣጠሪያ ደንብ ቁጥር 208 ደግሞ ሾፌሩ በመንገድ ላይ የሚጠበቅበትን ደንግጎ ነበር። ከዚያ ወዲህ ደንቡ ቢለዋወጥም ሐሳቡ ያው ነው። (ለምርመራው ቀን ብቻ አምፖል ተውሶ፣ ማግስቱን አንድ ዓይኑን ጨፍኖ የሚነዳ አይጠፋም። ቦሎው ግን የምርመራውን ቀን እንጂ የማግስቱን አይመሰክርም።)

ወደ ከተማው ስንመጣ በ2011 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ የሆነውን ማስታወስ ይበቃል። የአዲስ አበባ አስተዳደር የጭነት መኪኖች ቀን ቀን በከተማው ውስጥ እንዳይንቀሳቀሱ፣ ጭነትም እንዳያወርዱ አገደ። በዚያው ሰሞን ልዩ ፈቃድ የሌላቸው ሞተር ብስክሌቶችም ታገዱ። ቦሎው የታደሰ፣ መብራቱ የተሟላ፣ መንጃ ፈቃዱ የጸና ሾፌር ሁሉ “ምን አጠፋሁ?” ብሎ ጠየቀ። መልሱ አጭር ነበር፤ በመኪናው ላይ የተገኘ ጥፋት የለም፣ ጥፋቱ የሰዓቱ ነው።

ነገሩ የሚከረው እዚህ ላይ ነው። ቀን የተከለከለ ጭነት ወደ ማታ ይገፋል። ማታ ደግሞ የአገሩ የመብራት ሕግ ዋናው ሕግ ይሆናል። ቀን ሲነዳ ማንም ልብ ያላለው የተቃጠለ የኋላ መብራት፣ ሌሊት በቁልቁለት ላይ ለተከታዩ ሾፌር የሞት ጉዳይ ነው። እናም ያው መኪና ቀን ቢወጣ በከተማው ደንብ፣ ማታ ቢወጣ በአገሩ ደንብ ሊቀጣ ይችላል። ወጪውም አብሮ ይመጣል። የሌሊት ጫኝና አውራጅ እንደ ቀኑ ሒሳብ አይሠራም፤ መጋዘኑን ከፍቶ የሚጠብቅ ሰው ያስፈልጋል፤ ቀኑን የቆመ መኪናም ኪራይ ይቆጥራል። ይህ ሁሉ ተደምሮ የሚያርፈው በሲሚንቶውና በጤፉ ዋጋ ላይ ነው።

ታዲያ ሁለቱ ሕጎች ቢጋጩ የሚጸናው የትኛው ነው? የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 49 ለአዲስ አበባ ራስን በራስ የማስተዳደር ሙሉ ሥልጣን ሰጥቶ፣ ተጠሪነቷን ለፌዴራል መንግሥት አድርጓል። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የቻርተር አዋጅ ቁጥር 361 ዝርዝሩን ሞልቷል። ከዚህ ተነሥቶ ሲታይ ከተማዋ መንገዷንና ሰዓቷን ልታጠብቅ ትችላለች፤ አንድ መብራት የጠፋበትን መኪና “በእኔ ክልል እለፍ” ልትል ግን የምትችል አይመስልም።

እንዲህ ያለ ነገር በአሜሪካ ተሞክሮ ነበር። የሜምፊስ ከተማ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2023 ታየር ኒኮልስ የተባለ ወጣት ፖሊስ አስቁሞት ከተደበደበ በኋላ በመሞቱ፣ እንደ ተሰበረ የኋላ መብራት ላሉ ቀላል ጥፋቶች ብቻ ፖሊስ መኪና እንዳያስቆም ደነገገ። የቴነሲ ግዛት ደግሞ በ2024 ሕግ አውጥቶ ይህን የከተማ ድንጋጌ ሻረው።

እዚህ አገር ግጭቱ እስከዚያ አልደረሰም። የጭነት ውል የሚፈራረም ነጋዴ ግን የሰዓት ቅጣቱን ማን፣ የመብራት ቅጣቱን ማን እንደሚከፍል በወረቀቱ ላይ ቢያስገባ አይጎዳም። የመጀመሪያው ዕቃውን በዚያ ሰዓት ያዘዘው ሰው ዕዳ ነው፤ ሁለተኛው የባለመኪናው።