«መጫን» እና «መትከል»፦ ስለ ኮምፒዩተር ሥርዓት ተከላ የስያሜ ማብራሪያ

ለሙያ ቃል ስያሜ ሲፈለግለት ዋናው ጥያቄ ቃሉ አንዱን ነገር ከሌላው በሚገባ መለየቱ ነው። ሁለት የተለያዩ ድርጊቶች በአንድ ግስ ሲጠሩ፣ በተራ ንግግር ችግሩን ዐውዱ ያቃልለው ይሆናል፤ በአሠራር መመሪያ ላይ ግን አንባቢውን ለጥፋት ሊዳርገው ይችላል። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው «ጫነ» የተባለውን ግስ ሲሆን፣ ለማሳያ የመረጥነውም የሊኑክስ ሥርዓተ ክወና በመኖሪያ ቤት ውስጥ በኔትወርክ አማካይነት፣ በራስ-ሰር አሠራርና በተመሰጠረ ዲስክ ላይ የሚተከልበትን ሂደት ነው።

ጉዳዩን ከቦታ ጋር ለማያያዝ በሸዋ ሮቢት ከተማ የሚኖር አንድ ቤተሰብ እናስብ። ቤተሰቡ ሦስት ያገለገሉ ኮምፒዩተሮች አሉት እንበል፤ በእያንዳንዱም ላይ ሁለት ሥርዓቶች፣ ይኸውም አንዱ ለልጆቹ ትምህርት፣ ሌላው ለሽንኩርት ንግዱ ሒሳብ፣ ጎን ለጎን እንዲቀመጡ ተፈልጓል። ዲስኩን መመስጠርም ቅንጦት አይደለም። በኅዳር ወር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ከተማይቱ በደረሰ ጊዜ ብዙ ነዋሪ ቤቱን ጥሎ ወጥቷል። ቤት ጥሎ የሄደ ሰው የተወው ዲስክ በሌላ እጅ ቢገባ እንኳ የማይነበብ እንዲሆን ለምን እንደሚሻ ለአካባቢው ሰው ማስረዳት አያሻም።

ሂደቱ አራት ደረጃዎች አሉት። በመጀመሪያ ኮምፒዩተሩ ሲከፈት ዲስኩን ትቶ በኔትወርክ ካርዱ በኩል አድራሻ ይጠይቃል፤ በቤቱ ውስጥ አገልጋይ እንዲሆን የተመደበው ኮምፒዩተርም አድራሻውንና የማስነሻውን ፋይል ስም ይሰጠዋል። በሁለተኛው ደረጃ ማስነሻው፣ ቀጥሎም ከርነሉ ወደ ማህደረ ትውስታ ይገባሉ። በሦስተኛው ደረጃ ተካዩ ፕሮግራም፣ ሰው ተቀምጦ ሊመልሳቸው ይገባ የነበሩትን ጥያቄዎች መልስ አስቀድሞ ከተዘጋጀ ሰነድ ያነባል። በአራተኛው ደረጃ ዲስኩ ይከፈላል፣ ይመሰጠራል፣ ሥርዓቱም ይጻፍበታል። እስከ ሦስተኛው ደረጃ ድረስ መብራት ቢጠፋ በዲስኩ ላይ የሚደርስ ጉዳት የለም፤ ከአራተኛው በኋላ ግን የተደመሰሰው አይመለስም።

በዚህ ላይ የእኛን ቋንቋ ችግር እንመልከት። በተለመደው አተረጓጎም መሠረት መመሪያው «ከርነሉ ከተጫነ በኋላ ለመጫን ቁልፉን ይጫኑ» ሊል ይችላል። የመጀመሪያው «መጫን» ወደ ማህደረ ትውስታ ማስገባት ነው፤ ሁለተኛው በዲስክ ላይ ማስቀመጥ ነው፤ ሦስተኛው በጣት መንካት ነው። ከእነዚህ አንዱ ጉዳት የሌለው፣ ሌላው የማይመለስ መሆኑን ዓረፍተ ነገሩ አይናገርም። ጥያቄው የሐሳብ ብቻ አይደለም፤ ዴቢያን የተባለው የሊኑክስ ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ2009 በወጣው 5.0 እትሙ የተከላ ፕሮግራሙን ከጨመራቸው አዲስ ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነበር።

«ጭነት» በአማርኛ የሚጫንና የሚራገፍ ነገር ነው። ማህደረ ትውስታ የያዘው ኮምፒዩተሩ ሲጠፋ የሚራገፍ በመሆኑ፣ ቃሉ ለዚህ ደረጃ ይስማማል። በዲስክ ላይ ለሚቀመጠው ግን ሥር መስደድን የሚያመለክት ቃል ያስፈልጋል። በይፋት ቆላ የሽንኩርት ገበሬ ዘሩን በመደብ ላይ ካፈላ በኋላ ችግኙን ወደ ማሳ ያዛምተዋል። በዚህም ምክንያት «ማዛመት» የሚለውን ቃል መርምረን ነበር፤ ሆኖም በሁለት ምክንያት ትተነዋል። አንደኛ፣ ችግኝ ሲዛመት መደቡ ባዶ ይቀራል፤ በአገልጋዩ ላይ ያለው ቅጂ ግን እንዳለ ይኖራል። ሁለተኛ፣ «ተዛመተ» ስለ በሽታ ሲነገር የተለመደ ስለሆነ የኮምፒዩተር ቫይረስን ያስታውሳል። «መትከል» ግን ለዛፍም ለማሽንም የሚያገለግል፣ ትርጉሙም ግልጽ የሆነ ቃል ነው።

ሁለተኛው መለየት ያለበት ጥንድ «ዲስክ» እና «ክፋይ» ነው። የዴቢያን ተካይ ፕሮግራም ለተመሰጠረ ተከላ የሚያቀርበው የተመራ አከፋፈል ዲስኩን በሙሉ ይወስዳል። ስለዚህ ሁለት ሥርዓቶች ጎን ለጎን እንዲኖሩ ከተፈለገ አከፋፈሉ ለብቻው መጻፍ አለበት። ተርጓሚው «ክፋዩን» ማለት ሲገባው «ዲስኩን» ቢል፣ የንግዱ ሒሳብ ከነበረበት ይጠፋል።

ሦስተኛው «መመስጠር» ነው። አንዳንዶች «መሰወር» ይሉታል፤ እኛ ግን አንቀበለውም። የተሰወረ ነገር መኖሩ አይታወቅም፤ የተመሰጠረው ግን መኖሩ እየታየ አይነበብም። በተለመደው የሊኑክስ አመሳጠር የይለፍ ሐረጉ ራሱ ጽሑፉን አይመሰጥርም፤ የሚከፍተው በዲስኩ ራስጌ ላይ ተቈልፎ የተቀመጠውን ዋና ቁልፍ ነው። ስለዚህ «የይለፍ ሐረግ» እና «ቁልፍ» እየተለዋወጡ ሊገቡ አይገባም። ሐረጉን ሳይቀይሩ ዋናውን ቁልፍ፣ ቁልፉን ሳይነኩ ሐረጉን መቀየር ይቻላልና። ራስጌው ከተበላሸና ቅጂ ከሌለው ግን ሐረጉን ማወቅ ብቻውን አይረዳም።

በመጨረሻም ስለ መልሱ ሰነድ አንድ ማስጠንቀቂያ እንሰጣለን። ሰነዱ ግልጽ ጽሑፍ ነው፤ የይለፍ ሐረጉ በእርሱ ላይ ከተጻፈ፣ አገልጋዩን የወሰደ ሰው የሦስቱንም ኮምፒዩተሮች መክፈቻ ወሰደ ማለት ነው። በዚህም የተነሣ «ራስ-ሰር» ስንል «ያለ ሰው» ማለታችን አይደለም፤ ሐረጉን የቤቱ ባለቤት በእጁ እንዲያስገባ ወይም ከተከላው በኋላ ወዲያው እንዲቀይረው ያስፈልጋል።

ከዚህ በላይ በተሰጡት ምክንያቶች የሚከተሉትን ለተርጓሚዎች እናቀርባለን።

መጫን፦ ወደ ማህደረ ትውስታ ማስገባት ብቻ።
መትከል፣ ተከላ፦ ሥርዓትን በዲስክ ላይ ማስቀመጥ።
መንካት፦ ቁልፍን በጣት ሲመቱ፤ «መጫን» ለዚህ አይገባም።
ማስነሣት፣ ማስነሻ፦ ሥርዓቱን ሥራ ማስጀመርና ይህን የሚያደርገው ፕሮግራም።
ባለብዙ ማስነሻ፦ ከአንድ በላይ ሥርዓቶችን እያማረጡ የሚያስነሡበት ኮምፒዩተር።
ክፋይ፦ የዲስክ አንድ ክፍል፤ ዲስኩ በሙሉ አይደለም።
የመልስ ሰነድ፦ የተከላውን ጥያቄዎች አስቀድሞ የሚመልስ ፋይል።

በእነዚህ ቃላት ከላይ የጠቀስነው ዓረፍተ ነገር «ከርነሉ ከተጫነ በኋላ ለመትከል ቁልፉን ይንኩ» ይሆናል። አንባቢው አሁን ቁልፉን ከመንካቱ በፊት ምን እንደሚሆን ያውቃል።