ቅጠሉ ሳይሰምጥ

“ውሃ ላይ የወደቀ ቅጠል ምን ይጎዳል?” ትሉ ይሆናል። እኔም እንደዚያ ነበር የምለው። አሁን ግን ይህን ጥያቄ ስሰማ ጀሪካን የያዙ አንዲት እናት ትዝ ይሉኛል። ውድ አንባቢያን፣ ነገሩ እንዲህ ነው።

አምና በሁለቱ መንፈቅ መካከል በነበረው እረፍት አዘዞ ያለው የአጎቴ ቤት ሰነበትኩ። አጎቴ ከውጭ አገር ሲመለስ ግቢው ውስጥ ትንሽ የመዋኛ ገንዳ አሠርቷል። ርዝመቱ 8 ሜትር፣ ስፋቱ 4 ሜትር፣ ጥልቀቱ 1 ሜትር ከ20 ነው። ከአጥሩ ማዶ የባሕር ዛፍ ረድፍ አለ። አጎቴ ለሳምንት አዲስ አበባ ሲሄድ “ጠዋት ጠዋት ቅጠሉን ልቀም፤ ሌላ ሥራ የለህም” አለኝ። “እሺ ጋሼ” አልኩ። ሁለት ቀን ለቀምኩ። ከዚያ ኳስ ነበር፣ ጓደኞች ነበሩ፣ ተውኩት። በሰባተኛው ቀን ሳየው የውሃው ፊት ንጹሕ ነው። “ራሱ ጠራ!” ብዬ ደስ አለኝ። ጎንበስ ብዬ ሳይ ግን ቅጠሉ የትም አልሄደም፤ ወለሉ ላይ ተኝቷል። ውሃው የሻይ መልክ ይዟል፤ ግድግዳው አረንጓዴና የሚያዳልጥ ሆኗል።

ለምን እንዲህ ሆነ?

ደረቅ ቅጠል የሚንሳፈፈው በውስጡ አየር ስላለና ላዩ ሰም መሰል ሽፋን ስላለው ነው። ቀናት ባለፉ ቁጥር ውሃ ወደ ውስጡ ይገባል፣ ይከብዳል፣ ይሰምጣል። ሻይ ቅጠል ፍል ውሃን እንደሚያቀልመው ሁሉ የባሕር ዛፍ ቅጠልም ቀለሙን ይለቃል። ሲበሰብስ ደግሞ ለአልጌ ምግብ ይሆናል። ውሃውን ለማከም የተጨመረው ክሎሪንም ጀርም በመግደል ፈንታ ከበሰበሰው ቅጠል ጋር ሲታገል ያልቃል። ስለዚህ ተንሳፋፊ ነገር የሚቀለው ተንሳፎ ባለበት ጊዜ ብቻ ነው። ላይ እያለ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው፤ ከሰመጠ በኋላ የሙሉ ቀን።

ታዲያ ምን ይደረግ?

አንደኛ፣ ነፋሱን ማወቅ። ነፋስ ተንሳፋፊውን ሁሉ እየገፋ ወደ አንድ ጥግ ይሰበስበዋል። ስኪመር የሚባለው በገንዳው ግድግዳ ላይ ያለ አፍ ከነቅርጫቱ የሚሠራው በዚያ፣ ነፋሱ በሚገፋበት ወገን ነው። ፓምፑ ውሃ ሲስብ የላይኛው ስስ ንጣፍ ከነቅጠሉ ወደ አፉ ይገባል። የውሃው ከፍታ የአፉ መካከል ላይ መሆን አለበት። ከጨመረ ቅጠሉ አልፎ ይሄዳል፤ ከጎደለ ፓምፑ አየር ይስባል። ቅርጫቱም በየቀኑ ካልተራገፈ ዋጋ የለውም።

ሁለተኛ፣ መብራት ሲጠፋ በእጅ መሥራት። ያረጀ አጎበር በሽቦ ቀለበት ላይ ወጥሮ ረጅም እንጨት ላይ ማሰር ይበቃል። መረቡን በዝግታ መሳብ ነው፤ ውሃውን ካንቦጫረቁት ቅጠሉ እየረጠበ ይወርዳል። ሁለት ሰው ካለ የሚንሳፈፍ ወፍራም ገመድ ከዳር እስከ ዳር ይዞ ወደ ጥግ መጎተትም ይቻላል።

ሦስተኛ፣ ገንዳው በማይዋኙበት ጊዜ መሸፈን። ሲከፍቱት ግን ከሸፈኑ ላይ ያለውን ቅጠል መጀመሪያ መጥረግ ይገባል፤ አለበለዚያ ሁሉም አንዴ ይዘረገፋል።

“ዛፉን መቁረጥ አይቀልም ወይ?” የሚል አይጠፋም። ለዚህ መልሱ እዚሁ ከተማችን ውስጥ አለ። የአጼ ፋሲል መዋኛ የምንለው ጥምቀተ ባሕር ከ1632 እስከ 1667 እ.ኤ.አ. በነገሡት ንጉሥ ስም ይጠራል። ከፋሲል ግቢ ጋርም እ.ኤ.አ. በ1979 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። የዛፎቹ ሥር የግንቡን ድንጋይ እንደ ጣት አቅፎ ይዞታል። ዛፉ የቅርሱ መልክ ሆኗልና ቁረጡት የሚል የለም። ገንዳው አብዛኛውን ዓመት ደረቅ ሆኖ ከርሞ ለጥር 11 ከቀሃ ወንዝ በተጠለፈ ውሃ ይሞላል። ውሃው ከተባረከ በኋላ ወጣቱ ዘሎ ሲገባ እኔም ገብቼ አውቃለሁ። ከፊቴ ቅጠል ብቻ ሳይሆን የሃይላንድ ጠርሙስና ክዳንም ይንሳፈፍ ነበር። ቅጠሉን ዛፉ ጣለው እንበል፤ ጠርሙሱን ማን ጣለው? እኛው ነን።

ነገሩን ሰፋ አድርጎ ማየት የሚፈልግ ወደ ደምቢያ ይውረድ። መነሻው ደቡብ አሜሪካ የሆነው እምቦጭ በጣና ላይ መኖሩ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። እምቦጭ ሕይወት ያለው ተንሳፋፊ ነው፤ ነፋስ እየገፋ ወደ ዳር ያከማቸዋል። ገበሬዎች ውሃ ውስጥ ቆመው በእጃቸው ሲነቅሉት ኖረዋል። ተነቅሎ ዳር ላይ የተተወው ግን ክረምት ላይ ሐይቁ ሲሞላ ተመልሶ ሊገባ ይችላል። ትምህርቱ ከአጎቴ ገንዳ ጋር አንድ ነው፦ ሳይበዛ ማውጣት፣ ያወጡትንም ከዳር አርቆ መጣል።

ወደ አዘዞ ልመለስ። አጎቴ ተመልሶ ገንዳውን ሲያይ አልተቆጣኝም፤ ዝም ብሎ ማፍሰሻውን ከፈተ። ሒሳቡን በኋላ ሠራሁት። ከ38 ሺህ ሊትር በላይ ውሃ ነው፤ በባለ 20 ሊትሩ ጀሪካን ወደ 1,900 ጀሪካን። በዚያ ሳምንት ሰፈሩ ውስጥ ቧንቧ አልመጣም ነበር። ውሃው በቦዩ ሲወርድ አንዲት ጎረቤታችን ጀሪካናቸውን ይዘው ቆሙ። ቡናማውን ውሃ አዩና “ልጄ፣ ይኼ ለልብስ እንኳ አይሆንም?” አሉኝ።

“አይሆንም እማማ” አልኩ። ሌላ የምለው አልነበረኝም።

አሁን እረፍት በመጣ ቁጥር ጠዋት ከቁርስ በፊት መረቡን የማነሣው እኔ ነኝ። አምስት ደቂቃ ነው የሚፈጀው። በከተማችን ውሃ እንዴት እንደሚገኝ የሚያውቅ ሰው አምስት ደቂቃ አይበዛበትም።

ቸር እንሰንብት።