መኪናዋ ያለችበትን ታውቃለች፤ መንገዱንስ?

ከዱባይ ተገዝታ የመጣች ያገለገለች አውቶሞቢል ውስጥ ተቀምጠን የዳሽቦርዱን ስክሪን ስንከፍት እንግዳ ነገር ተመለከትን። መኪናዋን የምትወክለው ትንሽ ቀስት ባዶ ግራጫ ሜዳ ላይ ቆማለች፤ በዙሪያዋ መንገድም ሆነ የቦታ ስም የለም። መንቀሳቀስ ስንጀምር ግን ቀስቷም ተንቀሳቀሰች፤ ወደ ቀኝ ስንታጠፍ ታጠፈች፣ ስንቆም ቆመች። ባለቤቱ መኪናዋን ከገዛበት ቀን ጀምሮ «ይኼ ነገር ተበላሽቷል» ብሎ ትቶት ነበር። መሣሪያው ግን አልተበላሸም።

የጉዞ መሪ መሣሪያ፣ በተለምዶ ናቪጌሽን የምንለው፣ ሁለት የተለያዩ ዕውቀቶች ያስፈልጉታል። አንደኛው «የት ነኝ?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ሲሆን እሱም በየሰከንዱ ከሰማይ ይመጣል። ሁለተኛው «በዙሪያዬ ምን አለ?» ለሚለው መልስ ሲሆን የሚገኘውም አስቀድሞ ከተጫነ ካርታ ነው። በዚያች መኪና ውስጥ የነበረው ካርታ የባሕረ ሰላጤውን አገሮች ብቻ የያዘ ነበር። በአገራችን ከሚሽከረከሩት መኪኖች ብዙዎቹ ለሌላ ገበያ የተሠሩ በመሆናቸው ይህ ችግር የአንድ ሰው ብቻ አይደለም፤ በቀጥታ ከቻይና ገበያ በመጡት የኤሌክትሪክ መኪኖችም ላይ ይታያል። የሁለቱን ዕውቀቶች ልዩነት ያልተረዳ ሰው ደኅናውን መሣሪያ ይተወዋል፤ ከዚያም በከፋ ሁኔታ፣ ያረጀውን ካርታ ከሰማይ የመጣውን ምልክት ያህል ያምነዋል።

ከሰማይ የሚመጣው

እ.ኤ.አ. በ1995 ሙሉ አገልግሎት መስጠት የጀመረው የአሜሪካው ጂፒኤስ ከምድር 20,200 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው የሚዞሩ ሠላሳ ገደማ ሳተላይቶች አሉት። እያንዳንዱ ሳተላይት ሳያቋርጥ የሚያስተላልፈው መልእክት በአጭሩ «እኔ እዚህ ነኝ፤ ሰዓቱም ይህ ነው» የሚል ነው። በመኪናዋ ውስጥ ያለው ተቀባይ ምልክቱ በመንገድ ላይ የቆየበትን ጊዜ ለክቶ በብርሃን ፍጥነት ሲያባዛው ከሳተላይቱ ያለውን ርቀት ያገኛል። ከሦስት ሳተላይቶች የተገኘ ርቀት ሦስት ሉሎችን ይሰጠናል፤ እነዚህም በሁለት ነጥቦች ላይ ይገናኛሉ፤ ከሁለቱ አንዱ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከምድር ገጽ እጅግ የራቀ ስለሆነ ይጣላል።

ታዲያ አራተኛ ሳተላይት ለምን አስፈለገ? ሳተላይቶቹ አቶሚክ ሰዓት ሲኖራቸው በመኪናዋ ውስጥ ያለው ግን ርካሽ ሰዓት ነው። የአንድ ሚሊዮንኛ ሰከንድ ስሕተት የ300 ሜትር ስሕተት ያስከትላል። ስለዚህ ከኬክሮስ፣ ከኬንትሮስና ከከፍታ በተጨማሪ የሰዓቱ ስሕተት ራሱ አራተኛ ያልታወቀ ነገር ይሆናል፤ ለአራት ያልታወቁ ነገሮች ደግሞ አራት እኩልታዎች ያስፈልጋሉ። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት «ይኼ ምን ይሠራል?» እያልን የፈታናቸው እኩልታዎች እዚህ ዳሽቦርድ ውስጥ ተቀምጠዋል! አይንስታይንም አልቀረም፤ የሳተላይቶቹ ሰዓት በፍጥነታቸውና በስበት ልዩነት ምክንያት ከምድር ሰዓት በቀን 38 ሚሊዮንኛ ሰከንድ ያህል ይቀድማል። ይህ ባይታረም ስሕተቱ በአንድ ቀን ከ10 ኪሎ ሜትር በላይ በሆነ ነበር።

ከዚህ አንድ ጠቃሚ ነገር እንረዳለን። ሳተላይቶቹ እንደ ሬዲዮ ጣቢያ ያሰራጫሉ፤ መኪናችንን አያዩዋትም፣ መኖሯንም አያውቁም። ተቀባዩ አዳማጭ ብቻ ስለሆነ ኢንተርኔትም ሆነ ክፍያ አይጠይቅም። ካርታው በውስጡ የተጫነ መሣሪያ የስልክ ኔትወርክ በሌለበት ገጠር ሁሉ ይሠራል፤ ይህም ከስልካችን የሚበልጥበት አንዱ ነጥብ ነው። ለወራት ቆሞ የነበረ ወይም ባሕር ተሻግሮ የመጣ መኪና ግን ያስቀመጠው የሳተላይቶች ሰንጠረዥ ያረጀ ነው። አንድ ሳተላይት የራሱን ምሕዋር በየ30 ሰከንዱ ይናገራል፤ የሁሉንም ሰንጠረዥ ለመስማት ግን 12 ደቂቃ ተኩል ያስፈልጋል። ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን ሰማዩ ገልጦ በሚታይበት ቦታ ቆሞ ሩብ ሰዓት መታገሥ ይበጃል።

ሰማይ ሲጋረድ

ከድልድይ ሥር ወይም በሕንፃ ምድር ቤት ውስጥ ምልክቱ ይጠፋል፤ በረጃጅም ሕንፃዎች መካከል ደግሞ ከመስታወት እየነጠረ ስለሚመጣ ርቀቱ ከእውነተኛው ይረዝማል። ብዙ አብረው የተገጠሙ መሣሪያዎች በዚህ ጊዜ የጎማውን ዙር ቆጥረው፣ መታጠፉንም በጋይሮስኮፕ ለክተው ካለፈው ነጥብ ተነሥተው ያሰላሉ። የቆየ ጥበብ ነው፤ ሆንዳ እ.ኤ.አ. በ1981 ያቀረበው የመኪና መሪ መሣሪያ ያለ ምንም ሳተላይት፣ በዚሁ ዘዴ ብቻ ይሠራ ነበር። ይሁንና በዚህ ስሌት ስሕተቱ ከመንገዱ ጋር እየጨመረ ይሄዳል። ከምድር ቤት ስንወጣ ቀስቷ ጎረቤት መንገድ ላይ ብትታይ፣ ጥቂት መቶ ሜትር እስክንጓዝ ድረስ የምትሰጠውን ትእዛዝ አለመከተል ነው።

ካርታው የሚያውቀውና የማያውቀው

በመሣሪያው ዓይን ካርታ የነጥቦችና የመሥመሮች መረብ ነው። ለእያንዳንዱ መሥመር የጉዞ ጊዜ ይሰጠዋል፤ ከዚያም ሆላንዳዊው ኤድስገር ዳይክስትራ እ.ኤ.አ. በ1959 ካሳተመው ዘዴ በተወለዱ ስሌቶች ዝቅተኛው ድምር ይመረጣል። ስሌቱ አይሳሳትም፤ የሚሳሳተው የሚሰጠው ቁጥር ነው። መሣሪያው የአንድን መንገድ ፍጥነት የሚገምተው ከደረጃው ነውና በነሐሴ ጭቃ የሚውጠውን መንገድ በጥር ከሚታየው አይለይም። ስለዚህ «አጭሩ መንገድ» የሚለውን ምርጫ ትተን «ፈጣኑ» የሚለውን ማብራት፣ «ጥርጊያ መንገድ ይቅር» የሚል ካለም መጨመር እንደሚሻል እናምናለን።

በቅንብሩ ውስጥ የካርታው ዓመት ተጽፎ ይገኛል፤ ቀድሞ መታየት ያለበት እሱ ነው። በአዲስ አበባ ቀላል ባቡሩ እ.ኤ.አ. በ2015 ሥራ ሲጀምር ቀድሞ እንሻገርባቸው የነበሩ ቦታዎች ተዘግተዋል፤ በቅርብ ዓመታት የተካሄደው የኮሪደር ልማትም ፒያሳን ጨምሮ የብዙ ሰፈሮችን መንገድ ለውጧል። ከዚህ በፊት የተሠራ ካርታ «ወደ ግራ ታጠፍ» የሚለን ወደ አጥር ሊሆን ይችላል።

መድረሻን መንገርም ሌላ ችግር ነው። መሣሪያው የመንገድ ስምና የቤት ቁጥር ይጠይቃል፤ እኛ ደግሞ «ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ ከሰማያዊው በር ቀጥሎ» እንላለን። መፍትሔው ኬክሮስና ኬንትሮስን መጠቀም ነው፤ በዚህም ላይ አንድ አደገኛ ስሕተት አለ። የፍቼ ከተማ አቀማመጥ 9 ዲግሪ ከ48 ደቂቃ ሰሜን፣ 38 ዲግሪ ከ44 ደቂቃ ምሥራቅ ነው። ዲግሪ 60 ደቂቃ ስላለው በአሥርዮሽ ሲጻፍ 9.80 እና 38.73 ይሆናል። አንድ ሰው ቸኩሎ 9.48 እና 38.44 ብሎ ቢያስገባ፣ አንድ የኬክሮስ ዲግሪ 111 ኪሎ ሜትር ያህል ነውና፣ ከከተማዋ በስተ ደቡብ ምዕራብ 48 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ሊገኝ ነው። ለታማሚ መድኃኒት ይዞ በምሽት ለሚጓዝ ሾፌር ይህ ትንሽ ስሕተት አይደለም። ቦታውን አንድ ጊዜ በአካል ደርሶ «አስቀምጥ» የሚለውን መጫን ከሁሉ የተሻለ ነው።

ወደዚያች መኪና እንመለስ። ካርታ ባይኖራትም የባለቤቱን ቤትና የሥራ ቦታውን ነጥብ አስቀመጥንላት፤ አሁን በባዶው ሜዳ ላይ የቤቱን አቅጣጫና ቀጥተኛ ርቀት ታሳያለች። ፍጥነቱንም ከዚያው ያነባል፤ የመኪና ፍጥነት መለኪያ በብዙ አገሮች ደንብ ከእውነተኛው አሳንሶ እንዳያሳይ ስለሚገደድ ጥቂት አብዝቶ ይናገራልና። የቀረው ሰዓቱ ነበር። ጠዋት 2፡30 ላይ ስክሪኑ 9፡30 ይላል፤ ስድስቱ ሰዓት የእኛ አቆጣጠር ልዩነት ሲሆን ሰባተኛው ከዱባይ ጋር የመጣ ነው። በቅንብሩ ውስጥ የሰዓት ክልሉን ወደ አዲስ አበባ ብንለውጠው 8፡30 ሆነ፤ ስድስቱን ግን ባለቤቱ ራሱ መቀነስ ይኖርበታል።