ሁለት በዓላት በአንድ ቀን ሲውሉ

አዲስ አበባ፦ ሚያዝያ 27 ቀን 2016 ዓ.ም. የትንሣኤ በዓልና የአርበኞች የድል በዓል በአንድ ቀን መዋላቸው ይታወሳል። ዕለቱ እሑድ በመሆኑ ሁለት የሕዝብ በዓላትና የሳምንቱ የዕረፍት ቀን ተገናኝተዋል። ተመሳሳይ ግጥጥሞሽ በ1994 እና በ2005 ዓ.ም. የታየ ሲሆን፣ በ1997 እና በ2008 ዓ.ም. ደግሞ ትንሣኤ ከዓለም አቀፉ የሠራተኞች ቀን ጋር ሚያዝያ 23 ቀን ውሏል።

የግጥጥሞሹ መንሥኤ በዓላቱ የሚወሰኑባቸው መንገዶች የተለያዩ መሆናቸው ነው። የዓድዋ ድል፣ የሠራተኞች ቀንና የአርበኞች የድል በዓል ቋሚ ቀን አላቸው። ስቅለትና ትንሣኤ በባሕረ ሐሳብ ስሌት የሚወጡ ሲሆን፣ ትንሣኤ ከመጋቢት 26 ቀድሞ ወይም ከሚያዝያ 30 አልፎ አይውልም። ሚያዝያ 23 እና 27 በዚህ ወሰን ውስጥ ስለሚገኙ ከፋሲካ ጋር ሊገጥሙ ይችላሉ።

ዒድ አል ፈጥር፣ ዒድ አል አድሐ (አረፋ) እና መውሊድ የሚከበሩት በጨረቃ አቆጣጠር ነው። የጨረቃ ዓመት 354 ወይም 355 ቀናት ስላሉት በዓላቱ በየዓመቱ በ11 ቀናት ገደማ እየቀደሙ ይመጣሉ። በ2014 ዓ.ም. ዒድ አል ፈጥር የዋለው በሠራተኞች ቀን ማግሥት፣ ሚያዝያ 24 ቀን ነበር።

በየዓመቱ የማይለያዩ በዓላትም አሉ። ሚያዝያ 23 የቅዱስ ጊዮርጊስ ዓመታዊ በዓል ሲሆን፣ በ1888 ዓ.ም. የዓድዋ ድል የተገኘበት የካቲት 23 ደግሞ የጊዮርጊስ ወርኃዊ መታሰቢያ ነው።

ግጥጥሞሹ በሠራተኛው መብት ላይ የሚያስከትለው ውጤት አለ። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት በሕዝብ በዓል ቀን የሠራ ሠራተኛ ለሠራበት ለእያንዳንዱ ሰዓት እጥፍ ክፍያ ያገኛል። ሁለት በዓላት ሲደራረቡ ወይም በዓሉ በዕረፍት ቀን ሲውል ግን ክፍያው የሚታሰበው ለአንዱ ብቻ ነው። ስለዚህ በ2016ቱ ሚያዝያ 27 በፈረቃ የሠራ የፋብሪካ ሠራተኛ የሁለት በዓላት ክፍያ በአንድነት ሊጠይቅ አይችልም። የመንግሥት ሠራተኞች የሚተዳደሩት በሲቪል ሰርቪስ ሕግ በመሆኑ ይህ ድንጋጌ በቀጥታ አይመለከታቸውም።

ከክፍያው ባሻገር የመታሰቢያው ክብደትም ሊታሰብበት የሚገባ ነው። ሚያዝያ 27 የፋሺስት ጦር በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገባበት፣ ልክ በአምስተኛ ዓመቱም በ1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ወደ መዲናይቱ የተመለሱበት ዕለት ነው። በደርግ ዘመን በዓሉ ወደ መጋቢት 28 ተዛውሮ ቆይቶ በኋላ ወደ ቀድሞ ቀኑ ተመልሷል። ከፋሲካ ጋር ሲገጥም ምእመናን ሌሊቱን በቤተ ክርስቲያን አሳልፈውና ጾም ፈትተው ከቤተሰብ ጋር የሚውሉበት ቀን ስለሚሆን፣ በጣት የሚቆጠሩ የቀሩት አባት አርበኞች የሚዘከሩበት ሥነ ሥርዓት ታዳሚው ሊሳሳ ይችላል።

የትንሣኤ ቀን በባሕረ ሐሳብ ለብዙ ዓመታት አስቀድሞ ሊታወቅ የሚችል ነው። የዒድ አል ፈጥር ቀን የሚረጋገጠው ግን ጨረቃ ስትታይ በዋዜማው ነው። በመሆኑም መሥሪያ ቤቶች ዓመታዊ ዕቅድ ሲያወጡ የመጀመሪያውን በቁርጥ ቀን፣ ሁለተኛውን ከአንድ ቀን መጠባበቂያ ጋር ቢይዙ፣ ከበዓል ጋር የሚጋጭ ስብሰባም ሆነ ታዳሚ ያጣ መታሰቢያ እንዳይገጥማቸው ይረዳቸዋል።