ጾመኛው ተሸካሚና የኩንታሉ ባለቤት

ባለፈው ጁምዓ ከሶላት በኋላ መርካቶ እህል በረንዳ ጭነት የሚያወርድ ወጣት ቀረበንና ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጠየቀን። «ሸይኻችን፣ ትናንት ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ኩንታል ተሸክሜ ሳለ ዓይኔ ጨለመብኝ። አውርጄ ውሃ ጠጣሁ። ጓደኞቼ ሳቁብኝ። ወንጀል አለብኝ?»

አንድ ኩንታል 100 ኪሎ ነው። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1967 ባወጣው ምክረ ሐሳብ አንድ አዋቂ ወንድ የሚሸከመው ከ55 ኪሎ የሚበልጥ ከሆነ ወደዚያ ዝቅ እንዲል ይመክራል። ክብደቱ የሚያርፈው በወገብ አጥንቶች መካከል ባሉት ዲስኮች ላይ ነው፤ ተሸክሞ ወገብን ማዞር ደግሞ ጉዳቱን ያብሳል። ጾመኛ ሲሆን በላብ የወጣው ውሃ እስከ መግሪብ አይተካም። ልብ ቶሎ ቶሎ ይመታል፣ ጡንቻ ይኮማተራል፣ ራስ ይዞራል። ራሱ የዞረበት ሰው ከነኩንታሉ ደረጃ ላይ ቢወድቅ የሚሆነውን መንገር አያስፈልግም።

ከባድ ሥራ ብቻውን ጾምን አያስቀርም። ሠራተኛው ሌሊት ነይቶ፣ ሱሑሩን አዘግይቶ በልቶ፣ እንደማንኛውም ሙስሊም ጾሞ ሥራውን ይጀምራል። መሀል ላይ ለጉዳት የሚያሰጋ ችግር ካገኘው ግን እንዲያፈጥር ዑለማዎቻችን ፈቅደዋል፤ ቀኑን በኋላ ቀዷ ያወጣል። ለወጣቱም ወንጀል እንደሌለበት፣ ከረመዳን በኋላ አንድ ቀን እንዲጾም ነገርነው። የሳቁት ጓደኞቹ ግን ቢያስቡበት ይሻላል። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) በጉዞ ላይ ሳሉ፣ ሙቀት በበረታበት ቀን ጾመኞቹ ደክመው ሲወድቁ ያልጾሙት ድንኳን ተከሉ፣ እንስሳቱን አጠጡ። የዚያን ቀን አጅር የወሰዱት ያልጾሙት መሆናቸውን ነብዩ መናገራቸውን ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበዋል። ነገሩ ስለ መንገደኞች ቢሆንም፣ ባፈጠረ ሰው ላይ መሳቅ ከየት እንደመጣ እንጃ።

እኛን ይበልጥ ያሳሰበን ግን የራሳችን ዝምታ ነው። እኛ ኢማሞች በረመዳን ለነጋዴው ስለ ዘካና ስለ ሰደቃ ስንናገር እንከርማለን፤ ስለ ኩንታሉ ግን አንስተን አናውቅም። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) በእጃችን ሥር ያሉት ወንድሞቻችን መሆናቸውን፣ ከአቅማቸው በላይ እንዳናሸክማቸው፣ ካሸከምናቸውም እንድናግዛቸው አዘዋል። ታዲያ ማገዝ ምንድን ነው? ጭነቱን ከሱብሒ በኋላ ባለው ቀዝቃዛ ሰዓት ማስወረድ። ጋሪ ማቅረብ። እህሉን በ50 ኪሎ ማስቋጠር፣ ሂሳቡን ግን አለመቀነስ። ተሸካሚው የሚከፈለው በቁጥር ስለሆነ፣ ጆንያው በግማሽ ሲቀል ገቢውም በግማሽ ከወረደ ራሱ መቶውን ኪሎ ይመርጣል፤ ቤቱ ኢፍጣር የሚጠብቁ ልጆች አሉታ።

ባለቤቱ ተሸካሚ የሆነ እናት ወይም እህትም አደራ አለባት። ውሃውን በአንድ ጊዜ ሳይሆን ከኢፍጣር እስከ ሱሑር ከፋፍሎ ይጠጣ፤ ሱሑሩ ላይ ጨው አይብዛ። ሽንቱ ከጠቆረ ውሃ አንሶታል ማለት ነው።

ወጣቱ ሊሄድ ሲል የጭነቱ ባለቤት ማን እንደሆነ ጠየቅነው። መልስ ሳይሰጥ ወደ ፊተኛው ሶፍ ተመለከተ። ሰውየውን ዛሬ ከተራዊሕ በኋላ ቡና ጋብዘነዋል።