ቫዝሊን ከውሃ በኋላ

ቫዝሊን የሌለበት ቤት ማግኘት ይከብዳል። አልጋ ራስጌ ላይ፣ መስኮት ደፍ ላይ ወይም የእናት ቦርሳ ውስጥ አይጠፋም። ክዳኑ ሲከፈት የልጅ ጣት የቆፈረው ጉድጓድና የፀጉር ብጣሽ ይታይበታል። ሁሉም ሰው የሚያውቀው ዕቃ ስለሆነ እንዴት እንደሚቀባ የሚጠይቅ የለም። ብዙዎቻችንም የምንቀባው ሰዓቱ ካለፈ በኋላ ነው፤ እግራችን አመድ ከመሰለ፣ ተረከዛችን ከተሰነጠቀ ወዲያ፣ ያውም በደረቁ።

ቫዝሊን ቆዳን አያረጥብም። ጠብታ ውሃ የለበትም፤ ከድፍድፍ ነዳጅ ተጣርቶ የወጣ ቅባት ብቻ ነው። ሥራው የድስት ክዳን ሥራ ነው፤ እንፋሎቱን ይይዛል እንጂ ባዶ ድስት ውስጥ ወጥ አይሠራም። ከቆዳችን ሳይታወቀን፣ ሳያልበንም ጭምር፣ ቀን ከሌት ውሃ ይተናል። የበጋ ደረቅ ንፋስና የሳሙና ብዛት ደግሞ ትነቱን ያባብሱታል። የቆዳ ሐኪሞች እንደሚሉት ቫዝሊን ይህን ትነት ከ98 በመቶ በላይ ሊገታ ይችላል፤ ሌሎች ዘይቶች ግን አብዛኞቹ ከ20 እስከ 30 በመቶ ቢገቱ ነው። ቆዳው በደረቀበት ሰዓት ስንቀባው የምንከድነው ድርቀቱን ነው። ላዩ ያብረቀርቃል፣ ሥሩ ይጠማል።

ነገሩ የተጀመረው ነዳጅ ጉድጓድ አፍ ላይ ነው። በ1859 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) አሜሪካ ውስጥ በፔንስልቬንያ ግዛት፣ ታይተስቪል በምትባል ቦታ ነዳጅ ተቆፍሮ ሲወጣ፣ ሮበርት ቺዝብሮ የተባለ የ22 ዓመት ኬሚስት ወደዚያው ገሰገሰ። እንጀራው ከዓሣ ነባሪ ዘይት የኩራዝ ጋዝ ማጣራት ነበርና፣ የምድር ነዳጅ መውጣት ሥራውን ሊዘጋበት እንደሆነ ገብቶታል። እዚያ ሲደርስ ሠራተኞቹን ያማረራቸው አንድ ነገር አገኘ። በፓምፑ ዘንግ ላይ ጥቁር፣ ዝልግልግ ሰም እየተጋገረ ማሽኑን ያቆምባቸዋል። ሲፍቁት ይውላሉ፣ ሲራገሙት ይውላሉ። ታዲያ እነዚያው ሠራተኞች እጃቸው ሲቆረጥ ወይም ሲቃጠል ከዚያው ከረገሙት ሰም ዛቅ አድርገው ይቀቡ ነበር።

ቺዝብሮ ጥቂቱን ይዞ ተመለሰና በከሰለ አጥንት እያሳለፈ ሲያጣራው ዓመታት ፈጀ። ጥቁሩ ጠፍቶ፣ ሽታው ለቆ፣ ፈዘዝ ያለ ዝልግልግ ነገር ሲቀረው በ1872 የፈጠራ ባለቤትነት መብት አወጣበት። ቫዝሊን የሚለውን ስም የሰጠውም እሱ ነው። ሲሸጥ ደግሞ ዝም ብሎ አልሸጠም፤ በጋሪ እየዞረ ሰው ፊት የገዛ ቆዳውን በአሲድ ወይም በእሳት ያቃጥልና ቅባቱን ይለቀልቅበት ነበር። በዘመናችን ክሬም ከሚያስተዋውቁት መካከል ይህን የሚደፍር አይታየኝም። ሰውየው 96 ዓመት ኖሮ በ1933 ሲሞት፣ በየቀኑ አንድ ማንኪያ ቫዝሊን ይውጥ እንደነበር ተናግሮ ነበር። ይሄንኛውን ማንም አይከተለው።

የነዳጅ ሠራተኞቹ በልምድ የደረሱበትን ሳይንሱ ያረጋገጠው ቆይቶ ነው። «ቁስል አየር ይምታው፣ ይድረቅ» የሚለው ምክር እኛም ዘንድ የቆየ ነው። በ1962 ግን ጆርጅ ዊንተር የተባለ ተመራማሪ በአሳማ ቆዳ ላይ ባደረገው ሙከራ፣ ተሸፍኖ እርጥበቱን የጠበቀ ቁስል ለአየር ተጋልጦ ቅርፊት ከሠራው በእጥፍ ያህል ፈጥኖ ቆዳ እንደሚያበቅል አሳየ። በ1996 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ቀላል የቆዳ ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውን ከ900 በላይ ሰዎች ለሁለት ከፍሎ፣ ለግማሾቹ ነጭ ቫዝሊን፣ ለግማሾቹ የጸረ ተህዋስያን ቅባት ሰጠ። በመመርቀዝ ረገድ በሁለቱ መካከል ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልተገኘም። ትንሽ ጭረት በውሃና በሳሙና ታጥቦ፣ ቫዝሊን ተቀብቶ፣ በንጹህ ጨርቅ ከተሸፈነ አብዛኛውን ጊዜ ይበቃዋል።

ስለ ቆዳ እንክብካቤ ብዙ የሚያስተምረን ግን የውበት ሳሎን አይደለም፤ የሥጋ ደዌ ሕክምና ነው። አዲስ አበባ ዘነበወርቅ ያለው፣ በ1965 የተቋቋመው አለርት ሆስፒታል ለአሥርት ዓመታት ሲታገለው የኖረው በሽታ ይሄው ነው። የሥጋ ደዌ ነርቭን ይጎዳል። ነርቩ ሲጎዳ ላብ የሚያመነጩት ዕጢዎች ሥራ ያቆማሉ፤ እግር ወዝ አልባ ይሆናል፣ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። ስሜት የለምና ሰውየው ስንጥቁን ሳያውቀው ይሄድበታል። በስንጥቁ ተህዋስያን ይገባሉ፤ ከቆዳ ወደ ሥጋ፣ ከሥጋ ወደ አጥንት። ሰዎች ጣት የሚያጡት ከራሱ ከሥጋ ደዌ ባክቴሪያ ይልቅ ብዙውን ጊዜ በዚህ መንገድ ነው።

መከላከያው የሚገርም ቀላል ነው። በየቀኑ እግርን ሳፋ ውስጥ፣ ትኩስ ባልሆነ ተራ ውሃ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ መዘፍዘፍ፤ የጠጠረውን ቆዳ በድንጋይ ቀስ አድርጎ መፈግፈግ፤ ከዚያ ቆዳው ገና እርጥብ ሳለ ዘይት ወይም ቫዝሊን መቀባት። ፎጣ የሚያስፈልገው በጣቶች መካከል ብቻ ነው፤ እዚያ የቀረ እርጥበት ፈንገስ ያመጣልና። ውሃውን ቆዳው ይጠጣል፣ ቅባቱ እንዳይተን ይይዘዋል። ታማሚዎች ይህን ቅደም ተከተል ቤታቸው ሆነው ዕድሜ ልካቸውን እንዲቀጥሉበት ይማራሉ።

በባዶ እግር በቀይ አፈር ላይ ከመሄድ የሚመጣውን የእግር ዝሆኔም፣ ፖዶኮኒዮሲስን፣ የሚያስታግሰው ተመሳሳይ ነገር ነው። ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ ከ690 በላይ ታማሚዎች በተሳተፉበት፣ በ2018 በታተመ ጥናት፣ እግራቸውን በደንብ እንዲታጠቡ፣ ቅባት እንዲቀቡ፣ በፋሻ እንዲያስሩና ካልሲና ጫማ እንዲያደርጉ የተረዱት ሰዎች፣ አልጋ ላይ የሚጥላቸው አጣዳፊ ሕመም ካልተረዱት አንጻር በአንድ አምስተኛ ገደማ ቀንሶላቸዋል። በደቡብ ኢትዮጵያ በተደረገ ሌላ ጥናት ደግሞ በመዘፍዘፊያው ውሃ ላይ 2 በመቶ ግሊሰሪን ሲጨመርበት ውጤቱ ተሻሽሏል። ግሊሰሪን ውሃን ወደ ራሱ የሚስብ ነገር ነው። ከየፋርማሲው የሚገዛ፣ እናቶቻችን በውሃ በጥብጠው ለፊታቸው የሚቀቡት ያው ጠርሙስ ነው።

እንግዲህ ጤነኛ ቆዳ ላለው ሰው ሳፋውን ወደ ቁም ሳጥን መልሰን ሐሳቡን ብቻ እንውሰድ። ጠዋት ፊትን በውሃ ብቻ መታጠብ ለአብዛኛው ሰው ይበቃል። ሳሙና ማታ፣ አቧራውንና ላቡን ለማንሳት፤ እሱም የገላ ሳሙና። የልብስ ሳሙና ለልብስ ነው፤ ለቆዳ ጨካኝ ነው፣ ወዙን ጠርጎ ይወስዳል። ከታጠቡ በኋላ ፎጣውን መጫን እንጂ ማሸት አያስፈልግም። ቆዳው ገና ረጠብ እንዳለ፣ ፊት የሚደርቅበት ሰው የሽንብራ ፍሬ የምታህል ቫዝሊን በመዳፉ አሙቆ በስሱ ይቀባል። ለእጅና ለእግር ትንሽ በርከት ይበል። ተረከዙ የነቃ ሰው ማታ ወፈር አድርጎ ቀብቶ ካልሲ ለብሶ ይተኛ፤ በሳምንት ለውጡን ያየዋል። ጠዋት ልጆችን ወደ ትምህርት ቤት ስንሸኝ እግራቸው እስኪያብረቀርቅ የምንለቀልቀው ግን አቧራ ለመሰብሰብ ካልሆነ ጥቅሙ ትንሽ ነው። ማታ፣ ገላቸውን ከታጠቡ በኋላ ቢቀቡ ይሻላል።

ፊቱ ወዛም የሆነና ብጉር የሚያስቸግረው ሰው ቫዝሊንን ፊቱ ላይ ባይቀባ ይመረጣል፤ ለከንፈሩና ለእጁ ይጠቀምበት። ፀጉር ላይ በብዛት የሚቀባ ቅባትም ወደ ግንባር እየወረደ ብጉር ያስከትላል።

ፀሐይን በተመለከተ ቫዝሊን ምንም አያደርግም። ይህን ደጋግሞ መናገር ያስፈልጋል፣ ምክንያቱም አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ ከፍታ በ1,000 ሜትር ሲጨምር ደግሞ ጎጂው የፀሐይ ጨረር ወደ 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። አየሩ ቀዝቀዝ ስላለ ፀሐይዋ የበረደች ይመስለናል። የፀሐይ መከላከያ ክሬም መግዛት የሚችል ይግዛ፤ ያልቻለ ባርኔጣ፣ ጃንጥላ ወይም ራስ ላይ ጣል የሚደረግ ነጠላ አለው። አልቢኒዝም ላለባቸው ወገኖቻችን ግን ክሬሙ ቅንጦት አይደለም፤ ከቆዳ ካንሰር የሚጠብቃቸው ነው።

አዲስ ቃጠሎ ላይም ቫዝሊን አይደረግም፤ ቅቤም፣ የጥርስ ሳሙናም እንዲሁ። መጀመሪያ ለ20 ደቂቃ ያህል ቀዝቃዛ የቧንቧ ውሃ ይፍሰስበት፤ ቅባት ቶሎ ከተለቀለቀበት ሙቀቱን አፍኖ ይይዘዋል። ከኮንዶም ጋርም አይሄድም፣ ላስቲኩን ያዳክመዋል። ቅባቱ የነካው ልብስና አንሶላ ሲጋራና ሻማ አጠገብ በቀላሉ ስለሚቀጣጠል ጥንቃቄ ይፈልጋል።

ቫዝሊን በሚሸጥበት መደብር፣ ከእሱው አጠገብ ቆዳን «ያቀላሉ» የሚባሉ ክሬሞች ይደረደራሉ። ሁለቱ በአንድ መደርደሪያ መቀመጣቸው ብቻ ያናድደኛል። ብዙዎቹ ውስጥ ያለ ሐኪም ትእዛዝ መሸጥ የሌለበት ጠንካራ ስቴሮይድ፣ አንዳንዶቹ ውስጥ ደግሞ ሜርኩሪ ይገኛል። ስቴሮይዱ መጀመሪያ ፊትን ያጠራል፣ ቀጥሎ ያሳሳዋል፣ ደም ሥር ያወጣል፣ ሲተውት ብጉርና መቅላት ይዞ ይመለሳል። ሜርኩሪው ኩላሊት ይጎዳል። ስሙ የማይነበብ፣ የተቀላቀለበት ነገር ያልተጻፈበት ክሬም በነጻ ቢሰጥም አይወሰድ።

ቫዝሊን ሲገዛ የዕቃው ውድነት ለውጥ አያመጣም። ሽቶ የሌለበት፣ ማሸጊያው ያልተከፈተና የተሠራበት ነገር የተጻፈበት ይመረጥ፤ ሽቶ ስስ ቆዳ ላለው ሰውና ለሕፃን ማሳከክ ሊያመጣ ይችላል። ለጨቅላው የሚሆነውን ከቤተሰቡ ለይቶ ማስቀመጥ፣ ሲወጣም በታጠበ ጣት ወይም በንጹህ ማንኪያ ማውጣት ጥሩ ነው። በሁለት ሳምንት ቅባት ያልተሻለው ማሳከክ፣ ማታ ማታ ቤተሰቡን በሙሉ የሚያሳክክ ሽፍታ፣ ወይም ሲነኩት የማይሰማ ነጣ ያለ ቦታ ካለ የቫዝሊን ጉዳይ አይደለም፤ ጤና ጣቢያ መሄድ ነው።